ሱስ ጨመረ፣ ቀነሰ ወይስ ቦታ ቀየረ?

አትክልት ተራን ለረጅም ዓመታት የሚያውቅ ሰው ቢያገኙ ስለ ሱስ ይጠይቁት። «ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ዘንድሮ ብሶበታል» ሊልዎ ይችላል። አጠገቡ የቆመው ደግሞ «የምን ብሶበታል! ማስቲሽ የሚስቡት ልጆች እኮ በየጥጉ የሚታዩት ያኔ ነበር፤ አሁን የት አሉ?» ብሎ ይከራከረዋል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን አንድ ሰው በዓይኑ ያየውና በከተማው ውስጥ በእርግጥ የተለወጠው ነገር ላይገጥሙ ይችላሉ።

ውድ አንባብያን፣ ጫት፣ አልኮልና ትምባሆ በጤና ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት ብዙ ሰምታችኋል። የዛሬው ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፤ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ የሱስ አስያዥ ነገሮች አጠቃቀም ከጊዜ ወደ ጊዜ መለወጡን በምን እናውቃለን? ጥያቄው የተመራማሪዎች ብቻ ይመስላል እንጂ አይደለም። «ጨምሯል» ሲባል ወላጅ ይደነግጣል፣ ፖሊስ ለአሰሳ ይሰማራል፣ በጀት ይመደባል። «ቀንሷል» ሲባል ደግሞ የሁሉም ትኩረት ወደ ሌላ ጉዳይ ይዞራል። ቁጥሩ የተዛባ ከሆነ ድንጋጤውም መዘናጋቱም ያለቦታው ይሆንና ሕክምና ሳይደርስለት የሚቀር ሰው ይበዛል።

ከአትክልት ተራ እንጀምር። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው ይህ ገበያ ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ መናኸሪያ ሆኖ ቆይቷል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ሙዝ የጫኑ መኪኖች በሌሊት ይገባሉ፤ ጫኝና አውራጁ ጎህ ሳይቀድ ሥራውን ይጨርሳል፤ ሻይ፣ ሲጋራና ጫት የሚቸረችረው በየመሐሉ ይዘዋወራል፤ ከጭነት የወደቀ ፍሬ ለቅመው የሚያድሩ ልጆችም እዚያው ይውላሉ። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሲመጣ የጅምላ ንግዱ መጨናነቁን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጃንሜዳ ለጥምቀት በዓል መለቀቅ ስለነበረበት ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ።

እንግዲህ አንድ አጥኚ በ2011 ዓ.ም. አትክልት ተራ ላይ ቆሞ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችን ቆጠረ እንበል። በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ እዚያው ቦታ ላይ ሲቆጥር ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ያገኘዋል። «ቀንሷል» ብሎ ቢጽፍ ውሸት አልጻፈም፤ እውነትም አልጻፈም። ሥራው ሲሄድ ሠራተኛው ሄዷል፣ ሠራተኛውን ተከትሎ ጫት ቸርቻሪው ሄዷል፣ የወደቀውን ፍሬ ተከትለው ልጆቹ ሄደዋል። ሃይሌ ጋርመንት ሠፈር የሚኖረው ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን «ሠፈራችን ተበላሸ» ማለቱ አይቀርም። አንዱ ሠፈር ቀነሰ፣ ሌላው ጨመረ፤ በከተማ ደረጃ ግን ምንም ያልተለወጠ ሊሆን ይችላል። በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ምክንያት ሠፈሮች በፍጥነት በሚለዋወጡበት በአሁኑ ጊዜ ይህን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቦታን ብቻ ይዞ የሚቆጥር ሰው የሚለካው የሰዎችን እንቅስቃሴ ነው።

«ታዲያ በአገር ደረጃ የሚደረገው ጥናት አለ አይደል?» ይሉ ይሆናል። አለ። በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችንና ከ15 እስከ 59 የሆኑ ወንዶችን ስለ ጫት፣ ስለ አልኮልና ስለ ትምባሆ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ዳሰሳ በሕይወታቸው ጫት ቅመው የሚያውቁ ሴቶች 11 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሴቶቹ 12 በመቶ፣ ወንዶቹ 27 በመቶ ሆኑ። ማለትም በአምስት ዓመት ውስጥ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። በየመንገዱ የጫት ቤት ሲበዛ የሚያይ ሰው ይህን ቁጥር ለማመን ይቸገራል።

ቁጥሩ ስህተት ላይሆን ይችላል። የሚመልሰው ጥያቄ ግን እርስዎ የጠየቁት አይደለም። «ቅመው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ በሠርግ ቤት አንዴ ቀንበጥ የቀመሰውንና በየቀኑ ከምሳ በኋላ በርጫ የሚቀመጠውን አንድ ላይ ይደምራል። አምስት ሰዎች በወር አንዴ ይቅሙ የነበረው በየቀኑ ወደ መቃም ቢሸጋገሩ የቃሚዎቹ ቁጥር አምስት እንደሆነ ይቀራል፤ የሚቃመው ጫት፣ የሚወጣው ገንዘብና የሚደርሰው ጉዳት ግን በብዙ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ «ስንት ሰው?» ከሚለው ይልቅ «ስንት ቀን? ምን ያህል? ከምን ጋር?» የሚለው ነው ለውጡን የሚያሳየው።

አማካይ ቁጥርም ይሸውዳል። የ2011ኙን ዳሰሳ መረጃ እንደገና የተነተኑ ተመራማሪዎች በአገር ደረጃ 15.3 በመቶ ጎልማሶች ጫት እንደሚቅሙ አስልተው ነበር። ያው ትንተና በክልል ሲከፋፈል ግን በትግራይ 1.1 በመቶ፣ በሐረሪ 53.2 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። «በኢትዮጵያ ከመቶ አሥራ አምስቱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሁለቱ ክልሎች የአንዱንም ሁኔታ አይገልጽም። የአንድ የከተማ ገበያን ሁኔታማ እንዴት ይገልጻል!

የአልኮሉ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በሕይወታቸው አልኮል ጠጥተው የሚያውቁ ሴቶች በ2011 እ.ኤ.አ. 45 በመቶ፣ ወንዶች 53 በመቶ ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሴቶቹ ወደ 35፣ ወንዶቹ ወደ 46 በመቶ ወረዱ። «ጎበዝ፣ መጠጥ ቀነሰ!» ከማለታችን በፊት ትንሽ እናስብ። አንድ ጊዜ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ጠጥቶ የማያውቅ ሊሆን አይችልም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከጥናቱ የዕድሜ ክልል የሚወጡት ትልልቆቹ፣ የሚገቡትም ታዳጊዎቹ ብቻ ናቸው፤ መካከል ላይ ያለው አብዛኛው ሰው ያው ነው። በዚህ ፍጥነት አሥር በመቶ መውረዱ የመጠጥ ልማድ መለወጡን ከማሳየት ይልቅ ሰዎች ለጥያቄው የሚሰጡት መልስ መለወጡን የሚያሳይ ይመስለኛል። ጠላ «አልኮል» ነው ወይስ አይደለም? ጠያቂዋ ስትጠይቅ አማት አጠገብ ተቀምጠዋል ወይስ የሉም? እንዲህ ያሉ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ቁጥሩን ያናውጡታል። ሴቶቹ ላይ መውረዱ መብለጡም ያለምክንያት ላይሆን ይችላል፤ በእኛ ማኅበረሰብ ጠጣሁ ማለት ለወንድ የሚቀለውን ያህል ለሴት አይቀልም።

ትምባሆን ብናይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ምክንያቶች ላይ ባደረገው ጥናት የሚያጨሱ ሰዎች 4.2 በመቶ ሆነው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የጎልማሶች የትምባሆ ዳሰሳ ደግሞ 5 በመቶ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «በአንድ ዓመት ጨመረ» የሚል ርዕስ ማውጣት ቀላል ነው። ሆኖም የመጀመሪያው የሚጨሰውን ብቻ፣ ሁለተኛው ግን የሚታኘከውንና በአፍንጫ የሚሳበውንም ይጨምራል። ለውጡ ከትርጉሙ እንጂ ከሕዝቡ ላይሆን ይችላል። ለውጥን ለማየት አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ለአንድ ዓይነት ሰዎች፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ደጋግሞ መጠየቅ የግድ ነው። በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠይቅ የኖረው ለዚህ ነው። የጥናቱ ጉልበት መደጋገሙ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለ። እነዚህ አገር አቀፍ ዳሰሳዎች የሚንኳኳ በር ያለውን ሰው ነው የሚጠይቁት። ጠያቂዎቹ የተመረጡ ቤቶችን ያንኳኳሉ፤ በር የሌለው ሰው በር አይንኳኳለትም። በአትክልት ተራ በካርቶን ላይ ያደረ ልጅ፣ መኪና ሥር ያሸለበ ተሸካሚ፣ በቀን ሒሳብ በሚከፈል አልጋ ላይ የሚተኛ ከገጠር የመጣ ወጣት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ማስቲሽና ቤንዚን የሚስቡት ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። ሌላው ችግር ስሌቱ የሚመሠረትበት የሕዝብ ብዛት ነው፤ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ምን ያህል እንደተለወጠች ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ምን ያህል ሰው እንደሚጠቀም ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚጠቀምም መከታተል ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ከተጠየቁት ግማሹ በወቅቱ ጫት ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹ መካከል በየቀኑ የሚቅሙት ግን 17.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቃሚዎቹ 80 በመቶው የሚቅሙት ለጸሎት ልባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። ይህ ሥርዓት ያለው፣ ሽማግሌ ያለበት፣ ሰዓት የሚታወቅለት አቃቃም ነው። በሌሊት ጭነት ለማራገፍ ሲል፣ ለፈተና ለማጥናት ሲል፣ ረጅም መንገድ ለመንዳት ሲል የሚቃመው ጫት ቅጠሉ ያው ይሁን እንጂ ልማዱ ፍጹም ሌላ ነው። የሚቃመው ለብቻ ነው፤ ማብቂያ የለውም፤ እንቅልፍን ለመስረቅ ሲባል የሚደረግ ነው።

በዚህ ላይ አዲስ ነገር ይደረባል። ምርቃናው ሲያስቸግር እሱን ለመስበር አረቄ ወይም ቢራ ይጠጣል፤ ቃሚዎች ጨብሲ ይሉታል። ጫቱ ልብን ያፋጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። አልኮሉ ደግሞ የመነቃቃት ስሜቱን ብቻ ይሸፍናል። ሰውየው ተኛሁ ይላል፤ በእርግጥ ግን አላረፈም። ጠዋት ራሱን ይከብደዋል፤ ለመንቃት ደግሞ ሌላ ጫት። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል። በባዶ ሆድ ሲሆን ጨጓራው፣ ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ልቡና አንጎሉ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። በአገራችን ያሉት ዳሰሳዎች ጫትን ለብቻ፣ አልኮልን ለብቻ፣ ትምባሆን ለብቻ ቢጠይቁም በአንድ ምሽት የሦስቱን መደራረብ አያሳዩንም። በእኔ አስተያየት ባለፉት ዓመታት ልንጠነቀቅበት የሚገባው ለውጥ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ማስቲሽ ስንመጣ ጉዳዩ የደቂቃ ይሆናል። ጫማ የሚጣበቅበት ማስቲሽ ቶሉን የሚባል ኬሚካል አለው። ሲሳብ በሳንባ በኩል ገብቶ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ረሃቡንና ብርዱን ያስረሳል። ልጆቹ የሚስቡት ለቅንጦት አይደለም፤ የሌሊቱን ብርድ ለማለፍ ነው። ሲቆይ አንጎልን፣ ነርቭን፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፤ ኬሚካሉ ልብን ለድንጋጤ እጅግ ስሱ ያደርገዋል። ማስቲሽ ስቦ የተቀመጠ ልጅ በድንገት ቢባረር፣ ቢመታ፣ ሮጦ ቢያመልጥ ልቡ ምቱ ተዛብቶ እዚያው ሊቆም ይችላል። የመጀመሪያ ጊዜው ቢሆንም እንኳ ይህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ካዩ አያሳድዱት፤ አይጩሁበት። በረጋ ድምፅ ያነጋግሩት፣ አየር ወዳለበት ቦታ ይውሰዱት፣ ማስቲሹን ቀስ ብለው ያርቁት፣ እስኪረጋጋ አጠገቡ ይቆዩ። ይህ ምክር ለደንብ አስከባሪውም፣ ለጥበቃውም፣ ለባለ ሱቁም ነው። ልጆቹን በዘመቻ ከጎዳና ለማንሳት የሚሰማሩ ሠራተኞችም ቢያውቁት መልካም ነው።

የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችም አሉ። ትራማዶል በሐኪም ማዘዣ ለከባድ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከባድ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ድካም እንዳይሰማቸው ያለማዘዣ ሲወስዱት ቆይተው ችግሩ ከቁጥጥር ወጣ። ናይጄሪያ በ2017 እ.ኤ.አ. ባካሄደችው አገር አቀፍ ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑት መካከል 14.4 በመቶው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አደንዛዥ ነገር እንደተጠቀሙ፣ 4.7 በመቶው ደግሞ እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሕክምና ምክንያት እንደወሰዱ አረጋግጣለች። ናይጄሪያ ቁጥሩን ያገኘችው ችግሩ ከሰፋ በኋላ ነው። እኛም አገር የጉልበት ሥራ ያለበት ገበያ፣ ማዘዣ የማይጠይቅ መድኃኒት ሻጭም አለና ቀድሞ መከታተሉ ይበጃል። ለመሆኑ ትራማዶል ከመጠን ሲያልፍ መንፈራገጥ ሊያስከትል፣ ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ትንፋሽን ሊያቆም እንደሚችል ያውቁ ነበር?

ሌሎች መለኪያዎችም አሉ፤ ሁሉም ግን የየራሳቸው ሸውራራነት አላቸው። ፖሊስ የያዘው ሐሺሽ በኪሎ ሲጨምር ዝውውሩ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስ በርትቶም ሊሆን ይችላል። በቦሌ ኤርፖርት የሚያዘው ኮኬይንም ብዙው ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ እንጂ እዚህ የሚወሰድ ላይሆን ይችላል። የሺሻ ቤቶች በታሸጉ ማግስት ሺሻ የሚያጨስ ያለ አይመስልም፤ ሰው ግን ወደ ጓዳ ገብቶ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ትምባሆና አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም አግዷል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አጫሹ ከዓይን መሰወሩን ማጨሱን ከማቆሙ ጋር እንዳናምታታ መጠንቀቅ አለብን።

በአውሮፓ ደግሞ ሰውን ሳይጠይቁ ፍሳሹን ይመረምራሉ። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. በፖ ወንዝ ውኃ ውስጥ የኮኬይን ቅሪት ለክተው ከተገመተው በላይ ማግኘታቸውን ካሳተሙ ወዲህ ዘዴው ተስፋፍቶ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርካታ ከተሞች በየዓመቱ ፍሳሻቸውን ያስመረምራሉ። ፍሳሽ አይዋሽም፤ አያፍርምም። በአዲስ አበባ ግን አብዛኛው ነዋሪ የሚጠቀመው ከፍሳሽ መስመር ጋር ባልተገናኘ መፀዳጃ ቤት ነው። ቃሊቲ በሚገኘው ማጣሪያ የሚደርሰውን ብንመረምር ስለ ከተማዋ ከፊል ብቻ ይነግረናል፤ መፀዳጃ ቤት ጭራሹን የሌለውን የጎዳና ልጅ ደግሞ አሁንም አያየውም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ ልምድ ይመስለኛል። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነው። የሱስ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት ለሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አጭር ቅጽ ይሞላሉ፤ በዋናነት የሚጠቀመው ምንድን ነው፣ በምን መንገድ፣ በስንት ጊዜ፣ ዕድሜው ስንት ነው። በየስድስት ወሩ ይደመርና ይወዳደራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኬፕታውን «ቲክ» የሚባለው ሜታምፌታሚን ከምንም ተነስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጣቶችን ወደ ሕክምና ከሚያመጡት ነገሮች ቀዳሚ ሲሆን ያሳየው ይህ ቅጽ ነው። እርግጥ ነው፣ ሕክምና የመጣውን እንጂ ያልመጣውን አይቆጥርም። አዲስ ክፍል ሲከፈትም ቁጥሩ ይጨምራል። ቢሆንም ቅጹ ሳይለወጥ ዓመታት ከቆየ አዲስ ነገር ሲገባ ከማንም በፊት ይጠቁማል። እኛም በመርካቶ አቅራቢያ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለን፤ ቅዱስ ጳውሎስን የመሰሉ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችም አሉ፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ አለ። በእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ገጽ ቢሞላና በየስድስት ወሩ ቢታተም ክርክራችን መሠረት ያገኝ ነበር። ለጎዳና ልጆች ደግሞ ምግብና ሕክምና የሚሰጡ ድርጅቶች ልጆቹን ያሉበት ድረስ ተከትለው፣ ገበያው ሲዛወርም አብረው ተዛውረው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

እስከዚያው አንባቢ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ የዳሰሳ ጥናት ጠያቂ በርዎን ካንኳኳ ያስገቡት። ስለ ጫትና ስለ መጠጥ የሚጠየቀው ሰው ለብቻው እንዲመልስ ቦታ ይልቀቁለት፤ ልጅዎ እርስዎ ፊት «አልቅምም» ካለ መልሱ ለማንም አይጠቅምም።

በቤትዎ ስለሚያሳስብዎ ሰው ሲያስቡም ከአገር አቀፉ ጥናት ስህተት ይማሩ። «ትቅማለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጠብ እንጂ መረጃ አያመጣም። ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን ቃመ? በቀን ስንት ሰዓት? ስንት ብር ወጣ? ከጫቱ በኋላ ይጠጣል? ለመተኛት ክኒን ይወስዳል? ያላገኘ ቀን ምን ይሆናል፤ ይበሳጫል፣ ይደበታል፣ ዱካክ ያስቸግረዋል? በፊት የሚያደርገውና አሁን የተወው ነገር ምንድን ነው፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ቤተ እምነት፣ ምግብ? ራስዎ ተጠቃሚ ከሆኑም እነዚህኑ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግመው ይመልሱ። ቀናቱ ከጨመሩ፣ ያለ ጫት መሥራት ወይም ያለ አረቄ መተኛት ካቃተዎ፣ ለማቆም ሞክረው ካልሆነልዎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጫት ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ፣ ድብርትና ቅዠት ቢያስቸግረውም ብዙውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋውም። በየቀኑ ብዙ አረቄ የሚጠጣ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ይህ ሊገድል ይችላል። የእንቅልፍ ክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም እንዲሁ ነው። «ቤት ቆልፈንበት እናስተወዋለን» የሚሉ ቤተሰቦች ይህን አደጋ ይወቁ፤ መጠጡን የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው። ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠመዎ ወተትም፣ ሎሚም፣ ውሃም በአፉ አይስጡት፤ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፣ መተንፈሱን ይከታተሉ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። አጠገቡ የተገኘውን ክኒን ወይም ጠርሙስ አይጣሉት፤ ለሐኪሙ ይውሰዱለት።

ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሲሄዱ ያቺን የ30 ቀን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። የተጻፈው የሚያሳፍር ቢመስልዎም እንዳለ ያሳዩ፤ ሐኪሙ ሕክምናውን የሚወስነው በቀናቱ ብዛትና በተደባለቀው ነገር ዓይነት ነው።